የምስር ሳምቡሳ፦ በማፍጠሪያው ትሪ መሃል

አፋር የወተትና የሥጋ አገር ነው። እንግዳ የሚከበረው በግመል ወተት፣ በፍየል ሥጋና በቅቤ ነው። ረመዳን ሲገባ ግን የአውሳ ሱልጣኔት መቀመጫ በነበረችው በአሳይታ በማፍጠሪያው ትሪ መሃል ተቆልሎ ከሚቀርበው አንዱ ሥጋም ወተትም ያልነካው ምግብ፣ የምስር ሳምቡሳ ነው። ከጎኑ ቴምር፣ ሾርባና ጭማቂ ይቀመጣል። ቴምሩ እዚያው አዋሽ ዳር ይበቅላል፤ ምስሩና ስንዴው ከደጋ ተጭነው ይወርዳሉ።

ሳምቡሳ ረጅም መንገድ ተጉዟል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የባግዳድ የምግብ መጽሐፍ ውስጥ አሠራሩ ተጽፏል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ዴልሂን የጎበኘው ኢብን ባቱታ በሱልጣኑ ግብዣ ላይ አግኝቶታል፤ የዚያኛው ውስጡ የተከተፈ ሥጋ፣ ለውዝና ሽንኩርት ነበር። ሥጋውን በምስር መተካት ግን በኢትዮጵያ ጓዳ በደንብ የሠመረ ነገር ነው። ምክንያቱም አለው። የተፈጨ ሥጋ ውሃና ስብ እየለቀቀ ሊጡን ያረጥበዋል፤ በቆላ ሙቀት ደግሞ ያለ ማቀዝቀዣ ቶሎ ይበላሻል። በደንብ የተጠለለ ምስር ደረቅ ሆኖ ይቆያል፤ ዋጋውም ለጎረቤት ጭምር ለማዳረስ አይከብድም።

የሙያው ፈተና ሊጡ ላይ ነው። የስንዴ ዱቄት በጨው፣ በጥቂት ዘይትና በውሃ ጠንከር ተደርጎ ይለወሳል፤ እርሾ አይገባበትም። ከታሸ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ተሸፍኖ ያርፋል። ሳያርፍ የተዳመጠ ሊጥ እየተኮማተረ ስለሚመለስ በቀላሉ አይሳሳም። ሙያ ያላቸው ሴቶች ሊጡን አንድ በአንድ አይዳምጡትም፤ ትንንሽ ቂጣዎችን በመሃላቸው ዘይት ቀብተውና ዱቄት ነስንሰው ይደራርቡና በአንድነት ይዳምጧቸዋል። ከዚያ በጋለ ምጣድ ላይ ለአፍታ ያገላብጧቸዋል፤ እንዲበስሉ ሳይሆን እንዲላቀቁ ብቻ ነው። ትኩሱ እንዳለ እየተላጠ ሲነጠል እያንዳንዱ ስስ ጨርቅ መስሎ ይወጣል። በአሳይታ ደረቅ አየር ለጥቂት ደቂቃ ያልተሸፈነ ሊጥ ጠርዙ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ እርጥብ ጨርቅ ከእጅ አይርቅም።

ድፍን ምስር እንዳይፈርስ ተጠንቅቆ ይቀቀላል፤ ጣት ሲጫነው የሚለሰልስ፣ ቅርጹን ግን ያልለቀቀ መሆን አለበት። ከተጠለለ በኋላ በደቃቁ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ይጨመርበታል። ሳይቀዘቅዝ መጠቅለል ክልክል ነው፤ እንፋሎቱ ሊጡን ያላላዋል።

ሊጡ በረጃጅሙ ተቆርጦ ጫፉ ሲታጠፍ እንደ ቀንድ ክፍት የሆነ ኪስ ይሠራል። ምስሩ በማንኪያ ይገባል፤ የቀረው ሊጥ ሦስት ማዕዘኑን ጠብቆ ይጠቀለልና በዱቄትና በውሃ ሙጫ ይታሸጋል። አንዲት ቀዳዳ ብትቀር ዘይት ውስጧ ይገባል፤ ምስሩም ወጥቶ ድስቱን ያጠቁረዋል። ዘይቱ ከ170 እስከ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ሊጡ ውስጥ ያለው ውሃ ተንኖ እየወጣ ቅርፊቱን ያደርቀዋል። ለብ ባለ ዘይት የተጠበሰ ግን ዘይቱን ጠጥቶ ይከብዳል። ወርቃማ ሲሆን ይወጣና ለብቻ ለብቻው ይዘረጋል። ወዲያው ከተከመረ እርስ በርሱ በእንፋሎት ይልማል፤ ቁልሉ የሚሠራው ለአዛን ጥቂት ሲቀር ነው።

ይህ ምግብ የሁለት ጾመኞች መሆኑ ትልቁ ውበቱ ነው። የእንስሳት ተዋጽኦ ስለሌለበት ለኦርቶዶክስ ጾመኛም ይሆናል። መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ቀን ገቡ። በዚያ ሰሞን አንዱ ከመግሪብ በኋላ፣ ሌላው ከቅዳሴ በኋላ ከአንድ ድስት የወጣ ሳምቡሳ መብላት ይችል ነበር፤ ለጎረቤት ለመላክ ሲታሰብ ለየብቻ መጥበስ አያስፈልግም። ረመዳን በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ወደ ኋላ ስለሚመጣ፣ በ2023 ዓ.ም. ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ከጾመ ነቢያት ጋር ይገናኛል። ያ ጊዜ አሳይታ ቀዝቀዝ የምትልበት ወቅት ስለሆነ ምድጃ ሥር መቆሙም ይቀላል።