ያውቁ ኖሯል? ፍሬን የሌለው ሞተር ሳይክልና የስድስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮኑ

የስፒድዌይ ሞተር ሳይክል ፍሬን እንደሌለው ያውቁ ኖሯል? ደንቡ ራሱ ፍሬን ይከለክላል። ባለ አንድ ሲሊንደር 500 ሲሲ ሞተር፣ አንድ ማርሽ፣ በቤንዚን ፋንታ ሜታኖል፤ በቃ። አራት ተወዳዳሪዎች አፈር የለበሰውን ሞላላ መም አራት ጊዜ ይዞሩታል፤ የሚታጠፉትም ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው። አንዱ ውድድር ቢፈጅ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው።

ታዲያ ኩርባውን እንዴት ይታጠፉታል? በመንሸራተት። የኋላው ጎማ አፈር እየረጨ ወደ ውጭ ሲሸሽ አሽከርካሪው የፊቱን ጎማ ወደ ቀኝ ጠምዝዞ ወደ ግራ ይዞራል። ፍጥነቱን የሚገታለትም ይኸው መንሸራተት ነው። ግራ እግሩ መሬቱን እየታከከ ስለሚሄድ ከጫማው ስር ብረት ይታሰርለታል።

በዚህ ስፖርት ታላላቆች ሲቆጠሩ ኒውዚላንዳዊው አይቫን ሜጀር ከፊት ይነሳል። የተወለደው በ1939 ክራይስትቸርች ከተማ ነው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1968፣ 1969፣ 1970፣ 1972፣ 1977 እና 1979 የዓለም የግል ሻምፒዮን ሆኗል። ከእሱ በኋላ ስድስት ላይ የሚደርስ ሰው እስኪገኝ 26 ዓመት አልፏል፤ ስዊድናዊው ቶኒ ሪካርድሰን በ2005 ደረሰበት።

ክራይስትቸርች ትልቅ ከተማ አይደለችም። ሆኖም ከእሷ የተነሱት ሦስት ሰዎች ማለትም ሮኒ ሙር ሁለት፣ ባሪ ብሪግስ አራት፣ ሜጀር ስድስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነዋል። ሲደመር 12!

ሜጀር እንግሊዝን መጀመሪያ የረገጠው ገና የ17 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በ1957፣ ከወጣት ባለቤቱ ጋር ነበር። የለንደኑ ዊምብልደን ክለብ ተቀበለው፤ ነገር ግን በዋናው ቡድን የመሰለፍ ዕድል እምብዛም አላገኘም። ብዙም ሳይቆይ ወደ አገሩ ተመለሰ። ለብዙ ወጣት ስፖርተኞች ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃል። እሱ ግን በ1963 እንደገና መጣ፤ በዚህ ጊዜ የገባው በታችኛው ሊግ ይወዳደር ወደነበረው የኒውካስል ክለብ ነው። በዚያው ዓመትም በተከታዩም የሊጉን የግል ሻምፒዮንነት ወሰደ። የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮንነት ያገኘው ግን በ1968 ነው፤ እንግሊዝን ከረገጠ ከ11 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በእኔ እምነት ከስድስቱ ዋንጫዎች ይልቅ ሰውየውን የሚያሳየን ይህ 11 ዓመት ነው።

በዚያ ዘመን የዓለም ሻምፒዮን የሚለየው በአንድ ምሽት እንደነበር ያውቁ ኖሯል? የዓመቱን ማጣሪያ ያለፉ 16 ሰዎች አንድ ስታዲየም ይሰበሰባሉ። 20 ውድድር ይካሄዳል፤ እያንዳንዱ ሰው አምስት ጊዜ ይወጣል። አንደኛ ሦስት፣ ሁለተኛ ሁለት፣ ሦስተኛ አንድ ነጥብ ያገኛል፤ መጨረሻ የወጣው ባዶ እጁን ይመለሳል። አንድ ጊዜ መውደቅ፣ አንድ ጊዜ የሞተር መጥፋት የዓመቱን ልፋት ገደል ይከተዋል። እንዲህ ባለ ምሽት ሜጀር በ1968 ስዊድን ጎተንበርግ ላይ ከ15 ነጥብ 15 አገኘ። በ1970 ፖላንድ ቭሮትስዋፍ ላይ ደገመው።

በመካከሉ በ1969 ለንደን ዌምብሌይ ላይ አሸንፎ ነበርና ሦስት ዓመት በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሁለት አሜሪካውያን አድናቂዎቹ ሦስተኛውን ካሸነፍክ ሞተርህን በወርቅ እናስለብጠዋለን ብለው ቃል ገብተውለት ነበር። ቃላቸውን ጠበቁ! በወርቅ የተለበጠው ሞተር ሳይክል በኋላ ክራይስትቸርች በሚገኘው የካንተርበሪ ሙዚየም ለሕዝብ ዕይታ ቀርቧል።

የ1972ቱ የዌምብሌይ ፍጻሜ ጨካኝ ነበር። የአገሩ ልጅ ባሪ ብሪግስ በግጭት የግራ እጁን ጣት አጣ። ሜጀርና ስዊድናዊው በርንት ፔርሾን በእኩል 13 ነጥብ ስለጨረሱ በመለያ ውድድር ተገናኙ፤ ሜጀር አሸነፈ።

በቀጣዩ ዓመት የሆነው ግን ፖላንዶች እስከ ዛሬ የሚያወሩት ታሪክ ነው። ቦታው ሆዡፍ የሚገኘው የሲሌዥያ ስታዲየም፣ ተመልካቹ ከ100 ሺህ በላይ። የአራት ጊዜው ሻምፒዮን ሜጀር ዳግም በ13 ነጥብ ጨርሶ መለያ ውድድር ገጠመው። ከጎኑ የቆመው የርዚ ሽቻኪየል የተባለ ፖላንዳዊ ነው። ይህ ሰው ከሁለት ዓመት በፊት በ1971ዱ የዓለም ፍጻሜ አንዲት ነጥብ እንኳ ሳያገኝ መጨረሻ የወጣ ነበር። ጀመሩ፤ ሽቻኪየል መራ። ሜጀር ሊያልፈው ሲጠጋ ወደቀ። ፖላንድ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮኗን አገኘች፤ ሁለተኛውን ቶማሽ ጎሎብን እስክታገኝ ደግሞ 37 ዓመት መጠበቅ ነበረባት።

ሜጀር በሁለት ዓይነት ውድድር የዓለም ሻምፒዮን እንደነበርስ ያውቁ ኖሯል? ሎንግ ትራክ ይባላል፤ የስፒድዌይ ታላቅ ወንድም ነው። መሙ አንድ ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም የሚካሄደው በፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ላይ ነው። ሞተሩ እዚህም ፍሬን የለውም፤ ማርሹ ግን ሁለት ነው። በአጭሩ የስፒድዌይ መም ወሳኙ አነሳሱ ነው፤ ጅማሬውን የቀደመ ብዙ ጊዜ ውድድሩን ይጨርሰዋል። በረጅሙ መም ግን ቀጥ ያለው መንገድ ረጅም፣ ፍጥነቱም ከፍተኛ ስለሆነ ወደ ኩርባው ሲገቡ ልብ ይጠይቃል። ሜጀር በ1971 ኦስሎ፣ በ1972 ጀርመን ሙልዶርፍ፣ በ1976 ደግሞ ቼኮዝሎቫኪያ ማሪያንስኬ ላዝኔ ላይ አሸንፏል። በ1972 ታዲያ የአጭሩም የረጅሙም መም የዓለም ሻምፒዮን እሱ ነበር።

በ1977 ጎተንበርግ ላይ አምስተኛ ዋንጫውን ያነሳው ዝናብ ባራሰው መም ነው። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊ ፒተር ኮሊንስ እግሩ ተሰብሮ ሳለ ተወዳደረ። የእነዚህን ሰዎች ጥንካሬ ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

1979! ፍጻሜው በዚያው በሲሌዥያ ስታዲየም ተካሄደ። ሜጀር 40 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ያህል ቀርቶት ነበር። በ1973 ሽቻኪየል ሲያሸንፍ ሦስተኛ የነበረው ፖላንዳዊው ዜኖን ፕሌህ በዚህኛው ፍጻሜ በአገሩ ሕዝብ ፊት ሁለተኛ ሆነ፤ ሜጀር አንደኛ። በወደቀበት መም ላይ ስድስተኛውን ወሰደ። ከሁሉም ድሎቹ ይህንን አስበልጣለሁ።

በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ ኒውዚላንድ የዓለም የቡድን ዋንጫን አነሳች። ሜጀር ይህን ዋንጫ በ1968፣ 1971 እና 1972 ያገኘው ግን ለታላቋ ብሪታንያ ተሰልፎ ነው። በዚያን ጊዜ በብሪታንያ ሊግ የሚወዳደሩ ኒውዚላንዳውያን ለብሪታንያ ይሰለፉ ነበርና።

በኒውካስል፣ በቤል ቪው፣ በኤክሰተር፣ በሀል ክለቦች ተወዳድሯል። ከእሱ ጋር ቤል ቪው በ1970፣ 1971 እና 1972፣ ኤክሰተር ደግሞ በ1974 የሊጉ ሻምፒዮን ሆነዋል። በ1976 እና በ1989 የብሪታንያ የክብር ኒሻን ተሰጥቶታል። በ2018 አውስትራሊያ ጎልድ ኮስት ውስጥ በ78 ዓመቱ አረፈ።

አንድ ደቀ መዝሙር ነበረው፤ ዴንማርካዊው ኦሌ ኦልሰን። ወጣቱ ኦልሰን ስልጠና የወሰደው ከሜጀር ነው። በ1971 ጎተንበርግ ላይ የተማረውን ይዞ መጣና መምህሩን ሁለተኛ አድርጎ የዴንማርክ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1975 እና በ1978ም ደገመው። መምህሩን ስድስት ጊዜ ያነገሠውን፣ በሆዡፍ ደግሞ ያስለቀሰውን የአንድ ምሽት ፍጻሜ ከቀየሩት ሰዎች ግንባር ቀደሙም ይኸው ኦልሰን ነው። ከ1995 ጀምሮ የዓለም ሻምፒዮን የሚለየው ግራንድ ፕሪ በተባሉ ተከታታይ ውድድሮች ድምር ነጥብ ነው።