የሲጋር ሳጥን ምን ዓይነት ውሃ ይጠጣል?

ሲጋር የሚያስቀምጥ ሰው ሁለት ነገር ይፈራል፤ ድርቀትና ሻጋታ። ሂዩሚዶር የሚባለው ክዳኑ ግጥም የሚል የእንጨት ሳጥን የተሠራው ከሁለቱም ለማምለጥ ነው፦ እርጥበቱ ከ65 እስከ 72 በመቶ፣ ሙቀቱ ከ18 እስከ 21 ዲግሪ። እርጥበቱን የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ክዳኑ ሥር የሚለጠፍ ስፖንጅ ነው፤ እሱም በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ውሃ ይፈልጋል። ክርክሩ የሚነሳውም በዚሁ ውሃ ነው።

«እኔ የምጠጣው ውሃ ለሲጋሩ ምን አነሰው?»

ስህተቱ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ለመጠጥ ስንመርጥ የምንጠይቀው ጀርም እንዳለበትና እንደሌለበት ነው። ከስፖንጅ ግን ውሃው ይተናል፣ ማዕድኑ ይቀራል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ይኸው ነው። በሊትር 300 ሚሊግራም ማዕድን ያለው ውሃ በየሁለት ሳምንቱ 20 ሚሊሊትር ብትጨምሩ፣ በዓመት ግማሽ ሊትር ያህል ተንኖ 150 ሚሊግራም ገደማ ደለል ይተዋል። ኢምንት ይመስላል፤ ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ግን ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። የታሸገ ውሃም ቢሆን ማዕድን አያጣም። አምቦማ ጭራሽ አይታሰብም!

«ማዕድኑ የሲጋሩን ጣዕም ያበላሻል»

ይህ ደግሞ የጠንቃቆች ተረት ነው። ካልሲየም አይተንም፤ ከስፖንጁ ተነስቶ ሲጋሩ ላይ አያርፍም። (በንዝረት ጉም የሚረጨው አልትራሶኒክ መሣሪያ ግን ሌላ ነው፤ ጠብታው ማዕድኑን ይዞ ስለሚበር ነጭ አቧራ ያለብሳል።) የሚተነው ክሎሪኑ ነው። የቧንቧ ውሃም ሆነ ውሃ አጋር የተጨመረበት ውሃ ሽታውን ይዞ ዝግ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ትምባሆ ደግሞ ሽታ ይስባል።

«አፍልቼዋለሁ፣ አጣርቼዋለሁ»

ማፍላት ጀርሙን ይገድላል፤ ከካልሲየሙም የተወሰነውን ያዘቅጣል። የቀረው ጨው ግን ውሃው በቀነሰ ቁጥር እየበረታ ይሄዳል። አረቄ የምታወጣ እናት ነገሩን ከማንም በላይ ታውቀዋለች፦ የምትፈልገው እንስራው ውስጥ የሚንተከተከውን ሳይሆን በመቃው አልፎ፣ ቀዝቅዞ የሚንጠባጠበውን ነው። ዲስቲልድ ውሃ የሚገኘውም በዚሁ መንገድ ነው።

ማጣራት ላይ ቋንቋችንም ያሳስተናል። በጨርቅ የተጠለለውን፣ በከሰል ማጣሪያ ያለፈውንና ዲስቲልዱን አንድ ላይ «የተጣራ ውሃ» እንላቸዋለን። ከሰል ክሎሪኑን ይይዛል፤ የሟሟው ጨው ግን አብዛኛው ያልፈዋል። አልትራቫዮሌት ጀርም ይገድላል እንጂ ማዕድን አይነካም። ሪቨርስ ኦስሞሲስ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ጨው ያስቀራል፤ መሣሪያው ቤት ካለ እኔ ሌላ አልፈልግም። ማዕድኑ በሬዚን የወጣለት ዲአዮናይዝድ ውሃም ይሠራል፤ የባትሪ ውሃ እየተባለ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ከሱቅ ስትገዙ ግን መለያውን አንብቡ፤ የባትሪ አሲድም እዚያው መደርደሪያ ላይ ሊኖር ይችላል።

«የኤሲ ውሃ ዲስቲልድ ነው»

በሞቃት አገር የሚኖር ሰው ከኤሲው የሚንጠባጠበውን ውሃ በባልዲ ሲያጠራቅም ይህን ያስባል። ከማዕድን አንጻር አልተሳሳተም፤ ከእንፋሎት የመጣ ውሃ ነው። ነገር ግን የቀዘቀዘው አቧራና ሻጋታ በተለጠፈበት ብረት ላይ ነው። ለሂዩሚዶር ከዚህ የባሰ ውሃ አላውቅም።

«ዲስቲልድ ከሆነ አይሻግትም»

የሻጋታ ዘር አየሩ ላይም፣ ቅጠሉ ላይም አለ፤ የውሃው ንጽሕና አያባርረውም። እርጥበቱ ከ75 በመቶ በላይ ሲቆይ ይነቃል። ከውሃ ጋር እኩል የሚቀላቀለው ፕሮፒሊን ግላይኮል ሻጋታን ይገታል፤ እርጥበቱንም 70 በመቶ አካባቢ ያረጋዋል። ግላይኮሉ ግን እንደ ውሃ ቶሎ አይተንም። በየጊዜው ድብልቁን ብቻ የሚጨምር ሰው ስፖንጁን በራሱ እጅ ይደፍነዋል፤ በመሃል የሚጨመረው ዲስቲልድ ውሃ ብቻ መሆን አለበት። ስፖንጅ ሳይሆን የሲሊካ እንክብል ያለው ሰው ደግሞ ግላይኮልን ጨርሶ አያስጠጋ።

ለዚህ ሁሉ ብሎ የውሃ ማጣሪያ መሣሪያ የሚገዛ ሰው ይገርመኛል። በየሁለት ሳምንቱ 20 ሚሊሊትር ከሆነ አንድ ሊትር ዲስቲልድ ሁለት ዓመት ገደማ ያቆያል። ከጠርሙሱ ትንሽ ትንሽ ቀድቶ ክዳኑን መግጠም፣ ስፖንጁን የነካውን ጠብታ ማንጠባጠቢያም መልሶ አለመንከር ይበቃል።