ነጠላ በምዕራብ ጎጃምና በአጎራባች ባህሎች

ነጠላ ከጥጥ ፈትል በሸማኔ የሚሠራ ነጭ፣ ስስና ሰፊ መደረቢያ ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ አገሮች ሴቶች ከቀሚስ በላይ ይከናነቡታል፤ ወንዶችም ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ይለብሱታል። በትግርኛ ነጸላ ይባላል። ከጋቢና ከቡልኮ የሚለየው በስስነቱ ሲሆን በጫፉ ላይ የሚገባው ባለ ቀለም ሽመና ጥለት ወይም ጥበብ ይባላል።

አሠራር

በማንኩሳ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባለው ገጠር፣ እንደ ሌላው የሰሜን ደጋ ሁሉ፣ ነጠላ የሁለት ቤት ሥራ ነበር። ጥጡ ከዓባይ ሸለቆና ከሌሎች ቆላዎች ወደ ደጋው ገበያ ይወጣል። ሴቶች ገዝተው ፍሬውን በመዳመጫ ይለያሉ፤ ጥጡን በደጋን ነድፈው ባዘቶ ያደርጉታል፤ ከዚያም በእንዝርት ይፈትሉታል። አንድ ነጠላ የሚያወጣ ፈትል እስኪጠራቀም ድረስ ብዙ ሌሊትና ብዙ ቡና ያልፋል። ፈትሉ ሲበቃ ወደ ሸማኔ ይሄዳል። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ፣ ማጉን በመወርወሪያ በድሩ መካከል እያሳለፈ ይሠራዋል። ሴት አትሸምንም፣ ወንድም አይፈትልም።

ዛሬ ድሩ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው፤ የእጅ ፈትል ሆኖ የሚቀረው ማጉ ነው። ሁለቱም የእጅ ፈትል ከሆኑ ልብሱ ይወደዳል።

ማን ሸመነው?

በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ሽመና ብዙ ጊዜ የሙስሊሞችና የቤተ እስራኤል ሥራ ነበር። ምክንያቱ የመሬት ሥርዓቱ ነው። ርስት የክርስቲያን ገበሬ መብት ሆኖ ስለ ቆየ፣ ከርስት የተከለከለው ሰው ለኑሮው ንግድን ወይም የእጅ ሥራን ይዟል። ስለዚህ አንዲት ክርስቲያን እመቤት እሑድ ለቅዳሴ የምትከናነበው ነጠላ ከሙስሊም ጎረቤቷ መሸመኛ የወጣ ሊሆን ይችል ነበር፤ ፈትሉ የእሷ፣ ሽመናው የእሱ።

ልብሱ ቢከበርም ሸማኔው አልተከበረም። «ቁጢት በጣሽ» የሚለው ስድብ ለሸማኔ የወጣ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ የእጅ ሙያተኛን በሥራው መስደብ ከለከሉ፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ብዙ ዘመን ቆይቷል። የመሬቱ ልዩነት በሕግ የቀረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ ነው።

አለባበስ

ነጠላ እንደ አለባበሱ መልእክት አለው። ለቤተ ክርስቲያን ጫፎቹ በትከሻ ላይ መስቀለኛ ይጣፋሉ፤ ሴቶች ደግሞ ፀጉራቸውን ይሸፍኑበታል። በታላቅ ሰው ፊት የሚቆም ወይም ግብር ላይ የሚያስተናግድ ሰው ያደገድጋል፤ ማለትም በወገቡ ላይ ይታጠቀዋል። ሐዘን የደረሰበት ሰው ነጠላውን ይዘቀዝቃል፤ ጥለቱ ከታች መሆኑ ቀርቶ ወደ አንገት ይዞራል። መንገድ ላይ ያያት ሰው ሳይጠይቅ «ማን ሞተባት?» ይላል።

የገጠር ሙስሊም ሴቶችም ለገበያ፣ ለለቅሶና ለሠርግ ነጠላ ይከናነባሉ። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ሁለቱን መለየት ያስቸግር ነበር፤ ክርስቲያኗን የሚያሳውቀው አንገቷ ላይ ያለው ማተብ ነው። የቄሱም የሼሁም ራስ በነጭ ጥምጥም ይጠቀለላል። ሲሞቱም ሁለቱም ወደ መቃብር የሚሄዱት በነጭ ጨርቅ ነው፤ አንዱ በመግነዝ፣ ሌላው በከፈን።

አጎራባቾች

ከቡሬ በስተ ሰሜን ያሉት የአዊ አገዎች ከጎጃም አማራ ጋር ነጠላውንም ጋቢውንም ይጋራሉ። ጋቢ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚከበረው የፈረሰኞች በዓልም የሚታይ ልብስ ነው። ከዓባይ ማዶ ካሉት ኦሮሞዎች ጋር ጎጃም የቆየ የንግድ ግንኙነት አለው፤ ጨርቅና ጥጥ በዚያ መንገድ ሲመላለሱ ኖረዋል።

ከአገር ውጭ ቅርብ የሆነው ዘመድ የሱዳን ሴቶች ቶብ ነው። እሱም ሳይሰፋ በቀሚስ ላይ የሚጠመጠም፣ ራስንም የሚሸፍን አንድ ወጥ ጨርቅ ነው። ልዩነቱ ቶብ ከ4 ሜትር በላይ ርዝመት ስላለው መላ ሰውነትን መጠቅለሉ ነው። የሶማሌ ሴቶች ጋርባሳርም በዚሁ ቤተሰብ ይቆጠራል። በእነዚህ ሁሉ ጨዋነት የሚገለጸው በስፌት ሳይሆን በአከናነብ ስለሆነ፣ አንዱ ጨርቅ ለጸሎትም ለጭፈራም ያገለግላል።

የአሁኑ ሁኔታ

ባለፉት አሥርተ ዓመታት ከዓረብ አገሮች የመጡት አባያና ጅልባብ በከተሞች ተስፋፍተዋል። በዚህም የተነሣ ቀድሞ በማተብ ብቻ ይታወቅ የነበረው ልዩነት ዛሬ ከሩቅ ይታያል። በሌላ በኩል ሙስሊም ሙሽሮች የሐበሻ ቀሚስ ከነጥበቡ፣ ከተመሳሳይ ጨርቅ ከተሠራ ሂጃብ ጋር ያሠራሉ።

ለሸማኔው ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የማሽን ጨርቅ ነው። ጥበቡ በማሽን የታተመበት የውጭ አገር ጨርቅ ከእጅ ሥራው እጅግ ይረክሳል። ጉዳቱ በአዲስ አበባ በሽሮ ሜዳ ያሉትን የጋሞ ሸማኔዎች ብቻ ሳይሆን የገጠሩን ሸማኔና ፈታይ ጭምር ይነካል። የታተመውን ለመለየት ጨርቁን መገልበጥ ይበቃል፤ በሕትመት የተሠራ ጥለት ከበስተ ጀርባው የደበዘዘ ነው፣ የተሸመነው ግን ክሩ በሁለቱም ፊት ይታያል።