የኋላ ፍሬን የሚነክስ መኪና እህል አይጫንበት

ከአሪ ደጋማ ቀበሌዎች ለጂንካ የቅዳሜ ገበያ እህል የሚያወርድ ያረጀ የጭነት መኪና የኋላ ፍሬኑ ከነከሰ፣ ጎማው በረጠበ ቁልቁለት ላይ ስለሚንሸራተት ጭነቱም ሰውም ለአደጋ ይጋለጣል። ስለሆነም የገበሬ ማኅበር መሪዎች ከማስጫናቸው በፊት ፍሬኑ መፈተሹን ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል።

በቅድሚያ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ የፊት ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገዳሉ። ማርሹና የእጅ ፍሬኑ ተለቅቀው የኋላው ጎማ በክሪክ ከተነሣና በጠንካራ እንጨት ከተደገፈ በኋላ በእጅ ይዞራል። አልዞር ካለ፣ በዘይት በሚሠራ ፍሬን ላይ የማስተንፈሻው ቡሎን በጥቂቱ ይላላል። ዘይቱ ፈስሶ ጎማው ከተለቀቀ፣ የላስቲክ ቱቦው ውስጡ አብጦ ወይም ዋናው ፖምፓ ተበላሽቶ ግፊቱን ይዞታል ማለት ነው። ካልተለቀቀ ግን ጉድለቱ የደከመ ሞላ፣ የዛገ ሲሊንደር ወይም የተያዘ የእጅ ፍሬን ገመድ ሊሆን ይችላል።

ጎማው የሚይዘው ፍሬን ሲረገጥ ብቻ ከሆነ፣ ሸራው የአክስል ዘይት ጠጥቶ እንደሆነ ይታይ። የሚያፈሰው ፓራኦሊዮ ይቀየራል፤ ሸራውም በግራና በቀኝ በአንድነት ይለወጣል። የድሮ ሸራ ብናኝ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በውሃ ይርጠብ እንጂ አይነፋ።

በፍሬን ዘይት ፋንታ የሞተር ዘይት መጨመር ላስቲኮቹን አሳብጦ ፍሬኑን ያስነክሳል። ገበያው እንዳያመልጥ ተብሎ የአንዱን ጎማ ቱቦ ቀጥቅጦ መዝጋትም መኪናውን ወደ አንድ ጎን እንዲስብ ስለሚያደርግ፣ ከአንድ ቀን ገበያ የሰው ሕይወት እንደሚበልጥ ሊዘነጋ አይገባም።