ከክሩዘር ወደ ስፖርት-ቱሪንግ፦ አዲሱን ሞተር ሰውነታችሁ እስኪለምደው

ዛሬ ስለ ሞተር ነው የምናወራው። እናቶቻችን "ኦፍኖዓ" የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው እንዴት እንደሚለዋወጥ ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ይህን ክፍል ሳሎን ውስጥ ጮክ አድርጋችሁ ከምትከፍቱት በጆሮ ማዳመጫ ብትሰሙት ይሻላል።

ጥያቄው ይህ ነው። ሁለት ሦስት ዓመት ክሩዘር የነዳ ሰው ስፖርት-ቱሪንግ ይገዛል። በመጀመሪያው ሳምንት የእጁ አንጓ ያመዋል፣ አንገቱ ይደርቃል፣ ቀይ መብራት ላይ እግሩ መሬት አይደርስለትም፣ ኩርባ ላይ እንደ ጀማሪ ይደነግጣል። "ምን ሆኜ ነው? መንዳት ረሳሁ እንዴ?" ይላል። አልረሳም። ችግሩ እንዲያውም አለመርሳቱ ነው፤ ሰውነቱ አሁንም ክሩዘሩን እየነዳ ነው።

ይህ ነገር እዚህ እስራኤል ውስጥ በተለይ በእኛ ዕድሜ ነው የሚመጣው። ምክንያቱ ፈቃዱ ነው። በ18 ዓመት አሌፍ 1 ይወጣል፤ እሱ እስከ 35 ኪሎዋት ኃይል ብቻ ነው የሚፈቅደው። 21 ሲሞላና አንድ ዓመት በአሌፍ 1 ከተቆየ በኋላ ሙሉው አሌፍ ይመጣል፣ ከዚያ የኃይል ገደብ የለም። እንግዲህ ከሠራዊት የወጣ ልጅ፣ ትንሽ ሠርቶ ገንዘብ ያጠራቀመ፣ ከዝቅተኛና ኃይሉ ከተገደበ ሞተር ተነሥቶ በአንድ ቀን ትልቅ ነገር ላይ ይወጣል ማለት ነው። መካከል ላይ ደረጃ የለም።

በቁጥር ላሳያችሁ። ሁለቱንም ከአንድ ፋብሪካ ልውሰድ፣ ከካዋሳኪ። ቩልካን ኤስ ክሩዘር ነው፤ መቀመጫው ከመሬት 705 ሚሊ ሜትር ነው። ኒንጃ 1000 ኤስኤክስ ስፖርት-ቱሪንግ ነው፤ መቀመጫው 835። አሥራ ሦስት ሳንቲ ሜትር ልዩነት። ክብደታቸውስ? እዚህ ላይ ነው ሰው የሚገረመው፦ አንዱ 230 ኪሎ ገደማ፣ ሌላው 235። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል! ግን ኒንጃውን ቆማችሁ ስትይዙት ብዙ የከበደ ይመስላችኋል፣ ምክንያቱም ክብደቱ ወደ ላይ ተቀምጧል። ዝቅ ያለ ክብደት ትንሽ ቢያዘነብል ትመልሱታላችሁ፤ ከፍ ያለው ግን አንዴ ካዘነበለ ይሄዳል።

አሁን ወደ አቀማመጡ ልምጣ፣ ዋናው ነገር እሱ ስለሆነ።

ክሩዘር ላይ እግር ወደፊት ተዘርግቷል፣ እጅም ዘና ብሎ ተዘርግቷል፣ የሰውነት ክብደት በሙሉ መቀመጫ ላይና የታችኛው ወገብ ላይ ያርፋል። ሶፋ ላይ እንደመቀመጥ ነው። ንፋስ ደረታችሁን ወደ ኋላ ሲገፋ እጃችሁ መሪውን ይዞ ይጎትታል። ስፖርት-ቱሪንግ ላይ ግን እግር መርገጫው ከዳሌ በታች፣ እንዲያውም ትንሽ ወደ ኋላ ነው፤ ደረትም ወደፊት ያዘነብላል። እና ሰውየው ምን ያደርጋል? እግሩን እንደድሮው ሥራ ፈት ያደርገዋል፣ ወደፊት ያዘነበለውን ደረቱን በሁለት እጁ ይደግፈዋል። የግማሽ ሰውነት ክብደት በመዳፍ ላይ! አንጓው ቢያመው ምን ይገርማል?

አያቶቻችን ጎንደር ውስጥ በበቅሎ ሲሄዱ ልጓሙን አልተደገፉበትም። በጭናቸው ነበር የሚይዙት፤ እጃቸው ልጓሙን ያናግር ነበር እንጂ ሰውነታቸውን አይሸከምም ነበር። ስፖርት-ቱሪንግም እንደዚያ ነው። የነዳጁን ታንክ በሁለት ጉልበታችሁ እቅፍ አድርጉት። መርገጫው ላይ በእግራችሁ የፊተኛው ክፍል ቁሙ፣ በተረከዝ አካባቢ አይደለም። ሆዳችሁንና ወገባችሁን ጠንከር አድርጉና ደረታችሁን እነሱ ይሸከሙት። ከወገብ አትጉበጡ፣ ከዳሌ እጠፉ። ክርናችሁ ይታጠፍ፣ ትከሻችሁ ከጆሮአችሁ ይውረድ።

በትክክል መያዛችሁን ማወቅ ትፈልጋላችሁ? ቀጥ ባለ መንገድ ላይ፣ ሰው በሌለበት፣ መሪውን እንደያዛችሁ ክርናችሁን እንደ ዶሮ ክንፍ ከፍ ዝቅ አድርጉት። በቀላሉ ከተንቀሳቀሰ ጥሩ ነው። ካልተንቀሳቀሰ እጃችሁ ላይ ተደግፋችኋል።

አንድ የሚያደናግር ነገር አለ፦ ከተማ ውስጥ ከአውራ ጎዳና ይልቅ ያማል። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ንፋሱ ደረታችሁን ደገፍ ያደርገዋል፣ እጃችሁ ይቀልለዋል። በ30 ፍጥነት ያ ድጋፍ የለም። ስለዚህ አዲሱን ሞተር ቴል አቪቭ መጨናነቅ ውስጥ ብቻ ሞክራችሁ "ይህ ሞተር ለእኔ አይሆንም" አትበሉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ አርባ ደቂቃ ነድታችሁ ውረዱ፣ ተንጠራሩ፣ ውኃ ጠጡ። የጭንና የሆድ ጡንቻ ሲያማችሁ ደስ ይበላችሁ፣ ሥራው ወደ ትክክለኛው ቦታ ተዛውሯል ማለት ነው። እጅ ከደነዘዘ ግን ደስ አይበላችሁ፤ አቁሙና አቀማመጣችሁን እዩ።

ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፈተናው ይበረታል። ከዓራድ ወደ ሙት ባሕር የሚወርደውን መንገድ 31 የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አንድ ሺህ ሜትር ያህል ነው የሚወርደው፣ ኩርባውም አያልቅም። እዚያ ላይ ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ሰውነታችሁ ወደ መሪው ይንሸራተታል። ጉልበት ታንኩን ካልያዘ ክብደቱ በሙሉ እጅ ላይ ይወድቃል፤ በጠነከረ እጅ ደግሞ መሪ አይዞርም። ያንን መንገድ ለመጀመሪያው ሳምንት አታድርጉት፣ ከአንድ ወር በኋላ ሂዱበት።

እግርን በተመለከተ አጭር ልበል። ከመብራት ስትነሡ እግራችሁ መርገጫውን ወደፊት ይፈልገዋል፣ አየር ይረግጣል። ያስቃል፣ ሁሉም ሰው ላይ ይደርሳል፣ በጥቂት ቀን ይጠፋል። የማያስቀው ግን የኋላው ፍሬን ነው፤ እሱም ቦታው ተለውጧል። በድንጋጤ ጊዜ እግር የሚሄደው ድሮ ወደሚያውቀው ቦታ ነው። ሞተሩን በማቆሚያው አቁማችሁ፣ ሳይነሣ፣ ላዩ ላይ ተቀምጣችሁ ሃምሳ ጊዜ እግራችሁን ከመርገጫ ወደ ፍሬን፣ ከመርገጫ ወደ ማርሽ አመላልሱት። ጎረቤት ቢስቅ ይሳቅ።

ሲቆም ሁለቱም እግር ሙሉ በሙሉ መሬት እንዲነካ አትጠብቁ። ክሩዘር አስለምዶን ነው እንጂ አስፈላጊ አይደለም። ግራ እግር መሬት ላይ፣ ቀኝ እግር የኋላ ፍሬን ላይ፤ ያ ይበቃል። ወሳኙ ነገር መሪው ቀጥ ብሎ መቆም ነው። መሪው ተጣሞ እያለ የፊት ፍሬን ከያዛችሁ፣ በዝግታም ቢሆን፣ ሞተሩ ወደዚያው ጎን ይተኛል። ብዙ አዲስ ሞተር የሚወድቀው በፍጥነት አይደለም፣ ቤንዚን ማደያ ውስጥ ሲዞር ነው። የት እንደምታቆሙም ቀድማችሁ እዩ፦ ጠጠር አለ? መሬቱ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል? እግራችሁ የሚያርፍበት ጎን ዝቅ ያለ ከሆነ መሬቱን አታገኙትም።

አሁን ወደ ፍሬን። እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ልሂድ፣ የሕይወት ጉዳይ ነውና።

ክሩዘር ረጅም ነው። ቩልካኑ በሁለቱ ጎማዎች መካከል 1575 ሚሊ ሜትር አለው፣ ኒንጃው 1440 ነው። ክሩዘር ላይ ነጂው ዝቅ ብሎ ወደ ኋላ ስለሚቀመጥ የኋላው ጎማ ጥሩ አድርጎ ይሠራል፤ በዚህ ምክንያት ብዙ የክሩዘር ነጂዎች የኋላ ፍሬን ይወዳሉ። አጭርና ከፍ ያለ ሞተር ላይ ግን ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደፊት ይሄዳል፣ የኋላው ጎማ ይቀልለዋል። የቀለለ ጎማ አያቆምም። ዋናውን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። የድሮው ልማድ ያለበት ሰው ልጅ ኳስ ተከትሎ መንገድ ላይ ሲገባ እግሩን ይረግጣል፣ እጁን ይፈራል፤ ሞተሩም ይሄዳል እንጂ አይቆምም።

በ90 ፍጥነት ስትሄዱ በአንድ ሰከንድ 25 ሜትር ታልፋላችሁ። ማሰብ ከጀመራችሁ ረፍዷል፤ እጅ ራሱ ማወቅ አለበት። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ እንደሚሆንም አትርሱ። ስለዚህ ሰው የሌለበት ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ፈልጉ። መጀመሪያ በ30፣ ከዚያ በ40፣ ከዚያ በ50 እየመጣችሁ ቁሙ። የፊቱን ፍሬን በሁለት እርምጃ ያዙት፦ በመጀመሪያ ቀለል አድርጋችሁ፣ የፊቱ አሞርዛተር ዝቅ ሲል ይሰማችኋል፤ ከዚያ እየጨመራችሁ ጠበቅ። በአንዴ መንጨት የለም። ኤቢኤስ ቢኖራችሁም እንዲህ ተለማመዱ፤ ኤቢኤስ ጎማው እንዳይቆለፍ ይጠብቃል እንጂ ርቀት አይፈጥርላችሁም። በሳምንት አንዴ ሃያ ደቂቃ፣ ለሁለት ወር። በእኔ አስተያየት ውድ የጭስ ማውጫ ከመግዛት ይህ ይበልጣል።

ኩርባ ላይስ? የቩልካኑ የፊት ሹካ ወደ ፊት 31 ዲግሪ ተዘርግቷል፣ የኒንጃው 24 ብቻ ነው። ይህ ማለት ክሩዘሩን የምታዞሩበት ጉልበት ኒንጃው ላይ ይበዛል፤ ሞተሩ ካሰባችሁት በላይ ፈጥኖ ይተኛል፣ ትደነግጣላችሁ፣ ትመልሱታላችሁ፣ ኩርባውን ቆራርጣችሁ ታልፋላችሁ። መፍትሔው በጣት እንደሚገፋ ቀለል ማድረግና ከፊት ጎማችሁ ሥር ሳይሆን ኩርባው የሚያልቅበትን ሩቅ ቦታ ማየት ነው።

ሌላ ብዙም የማይነገር ነገር አለ። ክሩዘር ሲተኛ መርገጫው አስፋልቱን ይፍቃል፣ "ክርርር" ይላል። ያ ድምፅ ማስጠንቀቂያ ነው፤ "በቃ፣ ከዚህ በላይ አትተኛ" ይላችኋል። ስፖርት-ቱሪንጉ ላይ መንገድ ላይ በምትነዱበት ሁኔታ ያንን ድምፅ አትሰሙትም ማለት ይቻላል። ጠጠር ወይም ዘይት ካለ ጎማው ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ሊያመልጣችሁ ይችላል። ድምፁን የሚጠብቅ ሰው በዝምታው ይታለላል።

ፍጥነትም እንደዚሁ። ክሩዘር በ110 ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ንፋሱ ይመታችኋል፣ ሰውነታችሁ "በዛ" ይላችኋል። ኒንጃው ደግሞ 1043 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ 142 የፈረስ ጉልበት ነው፤ መስታወቱ ንፋሱን ይወስደዋል፣ ሞተሩ እንደ ልስላሴ ይሄዳል። 80 መስሏችሁ ቁጥሩን ስታዩ 130 ነው። በመጀመሪያው ወር ጆሮአችሁን አትመኑ፣ ቁጥሩን እዩ። የዝናብ ሁነታ የሚባል ኃይል የሚቀንስ ነገር ካለው ፀሐይ ቢሆንም በእሱ ጀምሩ፣ ማንም አያያችሁም። ኃይል ስትፈልጉ ደግሞ አንድ ማርሽ ዝቅ ብላችሁ ሞተሩ ትንሽ ከፍ ባለ ዙር እንዲሠራ ልመዱ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው እንግዲህ ማስተካከያ የሚመጣው። የፍሬንና የፍሪሲዮን መያዣዎች ጣታችሁ ከክንዳችሁ ጋር ቀጥ ብሎ እንዲያርፍ ይዙሩ፤ አንጓ ወደ ላይ ከታጠፈ ያማል። የማርሹ ፔዳል ከጫማችሁ ቁመት ጋር ይስተካከል። የኋላው አሞርዛተር በእናንተ ክብደት ይስተካከል፣ ሰው ስትጭኑ ደግሞ ይጠንክር። አንድ ነገር ለውጡ፣ ሁለት ሦስት ቀን ንዱ፣ ከዚያ ሌላውን። መሪውን ከፍ የሚያደርግ ዕቃ ለመግዛት ግን አትቸኩሉ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ያመማችሁ ነገር በአምስተኛው ሳምንት ላይኖር ይችላል፣ ገንዘባችሁ ግን ሄዷል።

ሰው ከኋላ መጫን? ፍሬኑን እስክትተማመኑበት ድረስ ብቻችሁን ንዱ። ከረጅሙ በጋ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ዝናብ፣ ዮሬው፣ በአስፋልቱ ላይ የተጠራቀመውን ዘይትና አቧራ ወደ ላይ ያወጣዋል፤ በዚያን ቀን አዲሱን ሞተር ቤት ተዉትና አውቶቡስ ያዙ።

ስለ ጓንትና ስለ ጃኬት፣ በተለይ በበጋ ሙቀት ምን እንደሚለበስ፣ በሚቀጥለው ክፍል እንመለስበታለን። ጥያቄ ያላችሁ የድምፅ መልእክት ላኩልን፣ የምትነዱትን ሞተርና ቁመታችሁን መንገር አትርሱ። ደህና ሁኑ።