የእግር ሕመም ሁሉ ከእግር አይነሣም

በአንድ አጥቢያ ያገኘናቸው አረጋዊ መሪጌታ ከማኅሌት ከቀሩ ወራት አልፈው ነበር። ምክንያቱን ስንጠይቃቸው፣ «ጥቂት እንደ ቆምሁ እግሬ ይዝላል፣ ይደነዝዛል፤ ስቀመጥ ይተወኛል። ሰነፈ እንዳልባል ቤቴ መዋልን መረጥሁ» አሉን። እንዲህ ያለው ሕመም ብዙ ጊዜ የእርጅና ነው ተብሎ ይታለፋል። ሆኖም ምንጩ ወገብ ሊሆን ስለሚችል፣ ሰበካ ጉባኤያትና ካህናት ሊያውቁት የሚገባውን በአጭሩ እናቀርባለን።

የወገብ አከርካሪ 5 አጥንቶች አሉት፤ ወደ እግር የሚወርዱት ነርቮች በውስጡ ባለው ቦይ ያልፋሉ። ዕድሜ ሲገፋ፣ ይልቁንም ከ50 ዓመት በኋላ፣ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ዲስክ ይሳሳል፤ ጅማቶችና መገጣጠሚያዎችም ይወፍራሉ። ቦዩ ሲጠብም ነርቮቹ ይጨመቃሉ፤ ሕመሙ ግን በመቀመጫ፣ በጭንና በባት ይሰማል።

ዋናው መለያው ይህ ነው፤ ቀጥ ብሎ መቆምና መራመድ ሕመሙን ያስነሣዋል፤ መቀመጥ ወይም ወደ ፊት ማጎንበስ ያስታግሠዋል፤ ሲያጎነብሱ ቦዩ ጥቂት ይሰፋልና። በመቋሚያ ወደ ፊት ተደግፎ መቆም ለአንዳንድ አረጋውያን የሚቀልላቸው ስለዚህ ሊሆን ይችላል።

የእግር ደም ሥር መጥበብም በጉዞ ጊዜ ባትን ያሳምማል፤ እርሱ ግን ሳይቀመጡ ቆም በማለት ብቻ ይታገሣል። የስኳር ሕመም የሚያስከትለው የነርቭ ጉዳት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከውስጥ እግር ይጀምራል፤ ያቃጥላል፣ ሌሊትም ይብሳል። ለይቶ ማወቅ የሐኪም ድርሻ ነው፤ እንደ አስፈላጊነቱም የኤምአርአይ ምርመራ ያዝዛል።

ብዙ ሕሙማን በፊዚዮቴራፒና በማስታገሻ መድኃኒት ይረዳሉ፤ ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ሕመሙ ለበረታባቸው ነው። ሳይመረመሩ ወገብን በኃይል ማሳሸትና ማስጠምዘዝ ግን ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

ሽንትን ወይም ዐይነ ምድርን መቆጣጠር ካቃተ፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ ስሜት ከጠፋ፣ ወይም እግር በድንገት ከከዳ፣ ሕመምተኛውን በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ማድረስ ይገባል።

ሰበካ ጉባኤያት ከአገልግሎት የራቁ አረጋውያንን በየቤታቸው ይጠይቁ፤ ወደ ጤና ተቋም የሚሸኛቸው ሰው ይመድቡ፤ በቤተ ክርስቲያንም መቀመጫ ያዘጋጁላቸው። ካህናትም ታምሞ መቀመጥ ስንፍና እንዳልሆነ በዐውደ ምሕረት ያስተምሩ። እኒያን መሪጌታ ከቤት ያስቀራቸው ከሕመሙ ይልቅ ኀፍረቱ ነበርና።