የሰርኪዩት ቦርድ እርማትና የከፍታ ጉዳይ

በኮምቦልቻም ሆነ በደሴ ገበያ የሚሸጡት የኤሌክትሮኒክ ሚዛን፥ ስታብላይዘር፥ ቻርጀርና የፀሐይ መብራት ሁሉ በውስጣቸው ሰርኪዩት ቦርድ ያለባቸው መሆኑ የታወቀ ነው። ቦርዱ ከመስታወት ክርና ከሙጫ የተሠራ ገበታ ሲሆን፥ በላዩ የተለጠፈው መዳብ ለኤሌክትሪኩ መንገድ ይሆነዋል። የተዘጋጀ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ይህን ገበታ ከፍቶ አያይም። ለገበያው የሚስማማ ቦርድ በልዩ ትእዛዝ ለማሠራት ሲነሣ ግን፥ ጉዳዩ ከመሐንዲሱ ጠረጴዛ አልፎ በነጋዴው የሒሳብ መዝገብ ላይ ይገባል።

ይኸውም ቦርድ በመጀመሪያው ንድፍ ተሟልቶ የሚገኘው ከስንት አንድ ጊዜ ስለ ሆነ ነው። መዳቡ በፋብሪካ በኬሚካል ተበልቶ ቅርጹን ከያዘ በኋላ ስሕተት ቢገኝ፥ ለሙከራ ያህል በቀጭን ሽቦ ሊጠገን ይችላል፤ ለሽያጭ የሚሆነው ግን ንድፉ ታርሞ እንደ ገና የተሠራ ቦርድ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ እርማት አዲስ ክፍያ፥ አዲስ ጭነትና አዲስ የጉምሩክ ሥርዓት ያስከትላል።

እንዲህ ያለው መሰናክል በታወቁት ድርጅቶችም ላይ ደርሷል። ሰኔ 17 ቀን 2011 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ለገበያ የቀረበው ራስበሪ ፓይ 4 የተባለው አነስተኛ ኮምፒዩተር፥ በዩኤስቢ ሲ መሰኪያው በኩል አንድ ጉድለት ተገኘበት። የመሰኪያው ሁለት የመለያ መስመሮች ለየራሳቸው ሬዚስተር ሊኖራቸው ሲገባ፥ አንዱን በጋራ እንዲጠቀሙ ተደርገው ነበር። በተራ ኬብል ቦርዱ ያለ ችግር ይሠራል፤ መለያ ቺፕ ባለው ኬብል ሲያያዝ ግን ቻርጀሩ ቦርዱን የድምፅ መሣሪያ ነው ብሎ ስለሚገምት ኃይል ይከለክለዋል። ጉድለቱ በኋላ በወጣው የቦርዱ እትም ታርሟል። ከዚህም የሚገኘው ትምህርት፥ ቦርድ ደንበኛው በእጁ በያዘው ኬብልና በሚጠቀምበት ስፍራ ሳይፈተን ተመርምሯል ሊባል የማይገባ መሆኑ ነው።

ለወሎ ነጋዴ የአጠቃቀሙ ስፍራ በተለይ የሚያሳስበው በከፍታ ምክንያት ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር፥ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ይገኛሉ። አየር በሳሳ መጠን ኤሌክትሪክን የመከልከል ኃይሉ ይቀንሳል፤ ሙቀትንም የማብረድ ችሎታው ይደክማል። ስለዚህ የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን መመዘኛ፥ በመስመሮች መካከል የሚተወውን የአየር ክፍተት እስከ 2,000 ሜትር ላለው ከፍታ ከወሰነ በኋላ፥ ከዚያ በላይ ክፍተቱ እንዲሰፋ ያዝዛል። በ3,000 ሜትር ላይ ማባዣው 1.14 ስለ ሆነ፥ 3 ሚሊ ሜትር የነበረው ክፍተት ወደ 3.4 ሚሊ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ደሴ በነዚህ በሁለቱ መካከል ትገኛለች። እንግዲህ በኮምቦልቻ በደንቡ መሠረት የተሟላ የሆነው የ220 ቮልት ቦርድ፥ አቀበቱን ወጥቶ ደሴ ሲደርስ ክፍተቱ ሊጎድል ይችላል።

እርማቱም ቀላል አይደለም። አንዱ መስመር ሲርቅ ሌላው ይጠብባል፤ ቦርዱ ሲሰፋ ደግሞ በቀድሞው ሣጥን አልገባ ይላል። ከፍታው አስቀድሞ በትእዛዙ ላይ ቢጻፍ ግን፥ መሐንዲሱ ክፍተቱን ከመነሻው ስለሚያሰላው አንድ ሙሉ ዙር እርማት ይተርፋል።

ስለዚህ ቦርድ የሚያሠራ ነጋዴ የአጠቃቀሙን ከፍታ፥ ቮልትና የሙቀት መጠን በውሉ ላይ ቢያሰፍር፤ በመጀመሪያ ጥቂት ቦርዶችን ብቻ አስመጥቶ በኮምቦልቻም በደሴም ቢያስፈትን፤ የእትሙ ቍጥር በእያንዳንዱ ቦርድ ላይ እንዲታተም ቢያደርግ፤ የንድፉንም ፋይል በእጁ ቢያኖር ይጠቀማል። የተዘጋጀ ዕቃ የሚያስመጣውም ቢሆን የአምራቹን የከፍታ ወሰን ከመግዛቱ በፊት መጠየቅ ይገባዋል። ከአንዳንድ የቻይና ዕቃዎች ጀርባ የሚታየው የተራራ ሥዕልና የ2,000 ሜትር ጽሑፍ፥ ዕቃው ከዚያ ከፍታ በላይ ላለ ስፍራ ያልተዘጋጀ መሆኑን የሚያስጠነቅቅ ምልክት ነው።